ሮም ለመሄድ ስታስቡ ፕላኑ ከየት ይጀምራል?

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ! ዛሬ ስለ ሮም ነው የምናወራው።

ሮም ሊሄድ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ዝርዝር ማውጣት ነው፣ ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ትሬቪ፣ ፓንቴዮን ምናምን እያለ 20 ቦታ ይጽፍና በ3 ቀን ልጨርሰው ብሎ ሲሮጥ ምንም ሳያጣጥም ይመለሳል። እኔ የምላችሁ፣ ቀድማችሁ ቲኬት ካልያዛችሁ የምትቸገሩባቸው 3 ቦታዎች አሉ፣ ፕላናችሁን በነሱ ዙሪያ ስሩት፣ የቀረው መሀል ከተማው በእግር የሚያልቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቪዛ። ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፣ ሕጉ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው አስገቡ ይላል፣ ግን እስከዛ አትጠብቁ ምክንያቱም ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም የግድ ነው። ቪዛው ሳይመታ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት እንዳትገዙ፣ ይሄን አደራ ነው የምላችሁ።

(ስክሪን ላይ፦ የ3ቱ ቦታዎች ካርታ)

እሺ 3ቱ ቦታዎች። ኮሎሲየም፣ የቫቲካን ሙዚየሞች እና ቦርጌዜ ጋለሪ የሚባለው የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም። የኮሎሲየም ቲኬት ሰዓት አለው፣ ስምም ይጻፍበታል፣ ስለዚ የናንተን፣ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሙሉ፣ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ቦርጌዜ ደግሞ ያለ ቀጠሮ አይገባም፣ ውስጥ እንድትቆዩ የሚሰጣችሁም 2 ሰዓት ብቻ ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች እሁድ ዝግ ናቸው፣ የወሩ የመጨረሻ እሁድ በነፃ ይከፈታል ግን ሰልፉ ሌላ ነው፣ አልመክርም። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው፣ እሮብ ጠዋት ግን ጳጳሱ ምእመናንን ስለሚያገኙ ሌላ ቀን ብታደርጉት ይሻላል። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ ደግሞ አያስገቡም፣ ሴቶች ቦርሳችሁ ውስጥ ነጠላ ብትይዙ ለዚህ ይበቃል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ብዙ ሀበሻ ኮሎሲየም ጋር ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል፣ አጠገቡ ያለውን የኮንስታንቲን ቅስት ልብ አይለውም፣ እዛ ቦታ ላይ እኮ ነው አበበ ቢቂላ በ1960 ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ማራቶኑን ያሸነፈው! በኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነበር፣ ማግስቱ እንቁጣጣሽ። ከቅስቱ ተነስታችሁ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ፣ ፋኦ (የተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት) ህንፃ ፊት ለፊት ማለት ነው። ፋሺስት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 የወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዛ ነበር፣ አበበም የሞሮኮውን ራዲን ጥሎት የወጣው እዛው ሐውልቱ አካባቢ ነው። ሐውልቱ በፈረንጅ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ፣ ስለዚ አሁን ቦታው ላይ አታገኙትም ግን ቦታውን ማየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እዛው ቆማችሁ ንገሯቸው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይም ስሙ ቺንኮቼንቶ ነው፣ አምስት መቶዎቹ ማለት፣ ራስ አሉላ በፈረንጅ በ1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር መታሰቢያ ነው። እዚያው ሰፈር ካፌና የሀበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ እንጀራ ካማራችሁ ሩቅ አትሄዱም።

የምትሄዱበትን ወቅት በተመለከተ ሚያዝያና ግንቦት ወይም መስከረምና ጥቅምት ምርጥ ነው፣ ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ብዙ ሱቅም እረፍት ስለሚወጣ ይዘጋል።

ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ያለማቋረጥ ተርሚኒ ያደርሳችኋል፣ ቆጣቢ ከሆናችሁ በየቦታው የሚቆመው ሌላው ባቡር ይረክሳል፣ እሱ ግን ተርሚኒ አይገባም። ማኪያቶ ስትጠጡ እንደነሱ ቆማችሁ ባንኮኒው ላይ ጠጡ፣ ቁጭ ካላችሁ ዋጋው ይጨምራል። ውሃ አትግዙ፣ መንገድ ዳር ሌት ተቀን የሚፈሱት ትንንሽ ቧንቧዎች ንፁህ የሚጠጣ ውሃ ነው፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ብቻ ያዙ። የከተማ አውቶቡስ ቲኬት አንዴ ከተመታ 100 ደቂቃ ያገለግላል፣ የወረቀቱን ከገዛችሁ እንደገባችሁ ማሽኑ ላይ አስመቱት፣ ያልተመታ ቲኬት ኪሳችሁ ውስጥ ቢኖርም ተቆጣጣሪ ካገኛችሁ ያስቀጣል።