የሚኒስትሩ ጉዞ በየትኛው ሰዓት ይቆጠራል?

ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፣ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጉዞ ሲታቀድ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ውይይቱ ይዘት ነው። ጉዞውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ግን ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ «ሰኞ 00:15» ከተጻፈ በእኛ አነጋገር እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው በረራው ካመለጠው ቀን ሊሞላው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀጠሮ በአስተናጋጁ አገር ሰዓት፣ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይሰፍራል፤ ከጎኑ የአዲስ አበባው ይጻፋል። ቀኑም በሁለቱ አቆጣጠር፣ ከነዕለቱ። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. የዋለው በ12 ነው።

የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ የእነሱ ይለወጣል። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ አውሮፓ በመጨረሻው እሑድ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ። በዚያ መካከል ከዋሽንግተን ወደ ብራሰልስ የሚሻገር ልዑክ በለመደው ስሌት ከተጓዘ አንድ ሰዓት ይሳሳታል።

ዕቅዱ ከበረራ አይጀምርም። መጀመሪያ አስተናጋጁ መንግሥት በጽሑፍ ያረጋገጠው ዋና ውይይት ይያዛል፤ ሌላው ከእሱ ወደፊትና ወደኋላ ይቆጠራል። ዕለቱም ይታይ፤ ሪያድ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ከዚያ ቪዛው፣ ልዩ በረራ ከሆነም የሚያቋርጣቸው አገሮች ሁሉ የአየር ክልል ፈቃድ በኖት ቨርባል፣ ማለትም በመንግሥታት መካከል በሚላከው ይፋዊ የዲፕሎማሲ ደብዳቤ፣ ይጠየቃል። አንዱ ፈቃድ ከዘገየ መስመሩ በሙሉ ሊለወጥ ይችላል።

በቀጠሮዎች መካከል ያለውን ጊዜ ከካርታ አትውሰዱ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ የሚያውቅ ግን በኪሎ ሜትር አይቆጥርም። በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሳምንት ኒው ዮርክም እንዲሁ ናት፤ ፖሊስ መንገድ ስለሚዘጋ በእግር መሄድ ከመኪና ይፈጥናል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ክፍት ይተው። በተከታታይ ትርጉም፣ ማለትም ተናጋሪው ቆም ሲል አስተርጓሚው እየተረጎመ፣ የሚካሄድ የ45 ደቂቃ ውይይት የሚይዘው የ20 ደቂቃ ያህል ንግግር ብቻ መሆኑም ይታሰብ።

ከሁሉ በላይ የሰነዱ ንባብ ጊዜ ይሰጠው። እዚሁ ወሎ፣ ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ይናገራል፤ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። መዘዙ እስከ አድዋ ደረሰ። ስለዚህ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን የሚነበቡበት ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ከነአንባቢዎቹ ስም፣ ከፊርማው በፊት መርሐ ግብሩ ውስጥ ይግባ። ወደ ፊርማው ሲኬድ መኪና ውስጥ ይነበባል ተብሎ አይተው። የሚፈረመው ቅጂም ከሻንጣ ጋር አይጫን፤ በሰው እጅ ይሂድ።

በመነሻው ዋዜማ የፕሮቶኮል ሹሙ ለኤምባሲው ባልደረባ ደውሎ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነብለታል። የተለወጠ ካለ የቀድሞው ወረቀት ከሹፌሮቹም ጭምር ይሰበሰባል፤ አዲሱ ላይ የታረመበት ቀንና ሰዓት ይጻፋል።

ስላዳመጣችሁን እናመሰግናለን።