ከሻዩ ጀርባ ያለው ጎድጓዳ፦ የፑኧር ሻይ ቅርጾች

(ምስል፦ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ክብ የሻይ ጥፍጥፍ ተፈትቶ በሁለት እጅ ይገለበጣል።)

አሁን የምትመለከቱት ጥፍጥፍ በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር የሚዘጋጀው የፑኧር ሻይ ነው። ፊቱ ደልዳላ ነው፤ ከጀርባው መሀል ላይ ግን አውራ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ አለ። ይህ ጎድጓዳ ለጌጥ የተሠራ ሳይሆን የቋጠሮ አሻራ ነው።

የደረቀው ቅጠል ከተመዘነ በኋላ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ጣሳ ተሞልቶ ለአጭር ጊዜ በእንፋሎት ይታጠናል። ሲለሰልስ በጨርቅ ከረጢት ይገለበጣል፤ ሠራተኛውም የከረጢቱን አፍ ጠምዝዞ ይቋጥርና፣ ቋጠሮውን መሀል ላይ አመቻችቶ ከከባድ ድንጋይ ሥር ካስቀመጠው በኋላ፣ ራሱ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ይጫነዋል። ማጣበቂያ የሚባል ነገር አይጨመርበትም፤ የታጠነው ቅጠል ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ እርስ በርሱ ተያይዞ ይቀራል።

ይህ ቅርጽ በቻይንኛ ቢንግ ይባላል፤ ቂጣ እንደ ማለት ነው። የተለመደው ክብደቱ 357 ግራም ሲሆን፣ ቁጥሩ እንግዳ የሚመስለው አንዱን ብቻ ለሚመዝን ሰው ነው። ሰባቱ ተደራርበው በደረቀ የቀርከሃ ልባስ ሲታሰሩ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናሉ፤ አሥራ ሁለቱ እስር ደግሞ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሻዩ ከዩናን ተራሮች ተነሥቶ ወደ ቲቤት የሚጓዘው በበቅሎና በፈረስ ጀርባ ስለነበረ፣ ላላ ብሎ ቦታ ከሚይዝና በየመንገዱ ከሚደቅ ቅጠል ይልቅ የተጠፈጠፈው ለጫኝ ይመቻል።

ከቂጣው ሌላ፣ የተደፋ ፍንጃል የሚመስለው ቱዎ አለ፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ጡቡም አለ፤ ለመደርደር ከሁሉም ይቀላል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ እንደ እንጉዳይ እግር ያለው ጂንቻ ነው። እግሩ ያለ ምክንያት አልተሠራም፤ ጥፍጥፎቹ አብረው ሲታሰሩ በመካከላቸው አየር እንዲዘዋወርና በረጅሙ ጉዞ እንዳይሻግቱ ይረዳል። ይህ ቅርጽ ለተወሰነ ጊዜ በጡብ ተተክቶ ከቆየ በኋላ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ከቲቤት ቡድሂዝም ታላላቅ መሪዎች አንዱ የነበሩት አሥረኛው ፓንቼን ላማ በዩናን የሚገኘውን የሺያጓን የሻይ ፋብሪካ ሲጎበኙ እንደገና ተሠርቷል።

(ምስል፦ ሁለት ጥፍጥፎች ጎን ለጎን፤ አንዱ አረንጓዴ ያዘለ፣ ሌላው ጥቁር ቡናማ።)

ቅርጻቸው አንድ ቢሆንም የእነዚህ የሁለቱ አሠራር ይለያያል። አረንጓዴ ያዘለው ሼንግ፣ ጥሬው ማለት ነው፤ ከተጠፈጠፈ በኋላ በመጋዘን ለዓመታት ቀስ እያለ ይብላላል። ጥቁሩ ሾው ግን ገና ሳይጠፈጠፍ ይበስላል፤ ቅጠሉ ተከምሮ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበትና ተሸፍኖ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት እየፈጠሩ በሳምንታት ውስጥ ያብላሉታል። ክምሩ ከልክ በላይ እንዳይግል በየጊዜው ይገላበጣል። ይህ ዘዴ የዳበረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲሆን፣ በዩናን ዋና ከተማ በኩንሚንግ ያለው የሻይ ፋብሪካ ስም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ለማፍላት ጥፍጥፉን በቢላዋ መቁረጥ ቅጠሉን ያደቅቀዋል። ወስፌ የመሰለ ቀጭን ብረት ከጠርዙ በኩል አግድም ሰክቶ ቀስ ብሎ መፈንቀል ይሻላል፤ እንደዚያ ሲደረግ ቅጠሉ በንብርብሩ ይለቃል። የመጀመሪያው የፈላ ውሃ ወዲያው ይደፋል፤ የተጠጋጋው ቅጠል መፈታት የሚጀምረው በእርሱ ነው፤ የሚጠጣው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው።