ሸሚዜ የተቸነከረበት ግድግዳ፦ ስለ አጋዘን አደን፣ ስለ ዋንጫና ስለ አዳኞች ቃል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የማኅበራችን የባህል ኮሚቴ ዛሬ እንድናገር የጋበዘኝ ጥሩ ተኳሽ ስለሆንሁ አይደለም፤ ይህን ጥቂት ቆይታችሁ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ዘንድሮ ከልጆቻችን መካከል አራቱ የመሣሪያ ደኅንነት ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ በመጪው ወር መጀመሪያ ለአጋዘን አደን ወደ ሰሜን ሚኒሶታ ሊወጡ ተዘጋጅተዋል። ወላጆቻቸው ደግሞ "ከማን ጋር ነው የሚያድሩት? እዚያ ጫካ ውስጥስ ምን ይባላል?" ብለው ስለጠየቁ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የተመላለስሁበትን ነገር እንዳካፍል ታዝዣለሁ። ስለ ጠመንጃ አላወራም፤ እርሱን አስተማሪዎቻቸው ጨርሰውታል። የማወራው ትምህርቱ ስለማይነካው ስለ አዳኞቹ ጓደኝነት፣ ስለ ቀንዱና ስለ ቃላቸው ነው።

ገና ከጅምሩ አንድ ችግር አለብኝ፦ የምናገርለት እንስሳ በአማርኛ የራሱ ስም የለውም። አጋዘን እንለዋለን፤ ይሁን እንጂ የአገራችን አጋዘን ሌላ ፍጥረት ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው፣ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የምናውቀው የደጋ አጋዘንም ሆነ ጥምዝ ቀንዱ የሚያስገርመው የቆላው አጋዘን፣ አንድ ጊዜ ያበቀለውን ቀንድ ይዞት ያረጃል እንጂ አይጥለውም። የዚህ አገሩ፣ የአሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ግን ቀንዱን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ያረግፋል፤ በረዶው ሲቀልጥ እንደገና ማብቀል ይጀምራል፤ ቀንዱ እስኪጠና ድረስ የሚያለብሰውን እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቆዳም በመስከረም ግድም በዛፍ ግንድ እየፋቀ ይገፈዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችን "ዋላ ወደ ውኃ ምንጮች እንደሚናፍቅ" ሲል ዋላ ያለው የዚህኛውን ወገን ስለሆነ ትክክለኛው ቃል እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ቤት ውስጥ "ዋላ ልገድል ነው" ያልሁ ዕለት ባለቤቴ የዳዊትን መዝሙር ልተኩስበት የተነሣሁ ያህል ስለተቆጣችኝ፣ እኔም እንደ ሁላችሁ አጋዘን ማለቱን መርጫለሁ።

የምሄድበት ጎጆ ከዱሉት ከተማ በስተ ሰሜን፣ ከአስፋልቱ ብዙ ገባ ብሎ ያለ ባለ አንድ ክፍል የእንጨት ቤት ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እዚያ ሁሉም በስማቸው ይጠሯቸዋል፤ እኔ ግን የሰባ ዓመት ሰው በባዶ ስም መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋሼ አልኋቸው። አሁን ሌሎቹ አምስት አዳኞችም ጋሼ ነው የሚሏቸው፤ አንደኛው ለረጅም ጊዜ በአማርኛ "ሹፌር" ማለት ይመስለው ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት፣ እርጥብ ካልሲዎች ከምድጃው በላይ በሽቦ ላይ ተሰጥተው፣ ሁሉም ቡናውን ይዞ ሲያወራ፣ በዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁበት እንግሊዝኛ አንድም እንዳላገለገለኝ አስታውሳለሁ። አንዱ ከወንዙ ማዶ ትልቅ መደርደሪያ አየሁ አለ፤ መደርደሪያ ያለው ቀንዱን ነው። ሌላው ያለፈውን ዓመት አጋዘኑን በበረዶ ላይ ሲያለብሰው እጁ እንደደነዘዘ ተረከ፤ ማልበስ ያለው ሆድ ዕቃውን ማውጣቱን ነው፣ ይህም እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ቀንዱ በሁለት ወገን አራት አራት ጫፍ ያለውን ወንድ እነዚህ ባለ ስምንት ይሉታል፤ ከሞንታና የመጣው እንግዳ ግን አንዱን ወገን ብቻ ስለሚቆጥር ባለ አራት አለው፤ ሁለቱ የአንድ አባትና እናት ልጆች ርስት ሲካፈሉ እንኳ እንደዚያ አይከራከሩም። ከሁሉ የወደድሁት ቃል ደግሞ "መሬት ላይ መሟሸሽ" ብዬ የምተረጉመው ነው፤ ከሩቅ ሲታይ የንጉሥ አክሊል የመሰለው ቀንድ፣ እንስሳው ከወደቀ በኋላ ቀርበው ሲያዩት ስለሚያንስ የወጣ ቃል ነው። ወንዱን ባክ እንደሚሉትም ታውቃላችሁ፤ ይህን ቃል በመካከላችሁ የታክሲ ሥራ የሠራ ሁሉ ሳያውቀው ከአጋዘን ጋር ሲጠራው ኖሯል፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የአጋዘን ቆዳ እዚህ አገር እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበርና ዶላር ባክ የተባለው ከዚያ ነው ይላሉ።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። በሁለተኛው ዓመት፣ በመክፈቻው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ማማዬ ላይ ነበርሁ። ማማ የምለው ዛፍ ላይ የሚታሰረውን መቀመጫ ነው፤ ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ የጠበቀ ሰው ሌላ ስም አያስፈልገውም። ውርጭ የመታው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ባለ ስምንቱ ከጥዶቹ መካከል ወጥቶ በአርባ እርምጃ ላይ ቆመ። የራሴ ትንፋሽ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ጋረደው፤ ጠረግሁት፤ እጄ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህንንም የባክ ትኩሳት ይሉታል። ተኮስሁ። ከበርች ዛፉ ነጭ ልጣጭ በነነ፤ አጋዘኑም ጅራቱን እንደ ነጠላ ጫፍ እያውለበለበ ሄደ።

ማታ ምንም አልተናገርሁም፤ ግን ጥይቱን ስድስት ሰው ሰምቶታል። ከእራት በኋላ ጋሼ ተነሥተው፣ ከመሳቢያ የልብስ መቀስ አውጥተው፣ እጅግ በትሕትና "ቁም" አሉኝ፤ ባለቤቴ በልደቴ ቀን የገዛችልኝን የሸሚዝ ጫፍ ከጀርባዬ ቀደው፣ ቀኑንና ስሜን በጥቁር ቀለም ጽፈው፣ ስሜንም ሁለት ቦታ አሳስተው፣ ግድግዳው ላይ ቸነከሩት። ስቶ የተመለሰ ሰው የሸሚዙ ጅራት የሚቆረጥበት ይህ ልማድ በብዙ የአሜሪካ አዳኞች ሠፈር ያለ የቆየ ነገር እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያ ምሽት ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቂም ይዤ ነው የተኛሁት። ጧት ብርሃን ሲገባ ግድግዳውን ቆሜ አየሁት፤ ከሠላሳ የሚበልጥ ቁራጭ አለ፤ ከመካከላቸው ሦስቱ የጋሼ ናቸው፤ አንዱ የሞተ ልጃቸው ነው። ቀንዶቹ የተሰቀሉት ከበሩ በላይ፣ ጨለማ ስፍራ ነው፤ ጨርቆቹ ግን ብርሃኑ በሚያርፍበት ላይ ናቸው።

ይህን ሳስብ የእኛ ነገር ይመጣብኛል። በአገራችን ድሮ ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ራሱን ቅቤ ይቀባ፣ የአንበሳ ጎፈር ይደፋ፣ "ዘራፍ!" ብሎ ይፎክር ነበር፤ የገደለው እርሱ ስለሆነ የሚናገረውም እርሱ ነበር። ሰሜን ሚኒሶታ ግን አያቶቻቸው ከኖርዌይና ከስዊድን የመጡ ሰዎች አገር በመሆኑ ራስን ማወደስ ነውር ነው። ትልቅ አጋዘን የጣለ ሰው ሲጠየቅ "ምንም አይልም" ብሎ ዝም ይላል፤ ስለ እርሱ የሚፎክሩለት ጓደኞቹ ናቸው፣ ነፋሱ ከየት እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደጠበቀ፣ እንዴት እንደጎተቱት ሁሉ ሳይቀር ይተርኩለታል። እኔ የመጀመሪያዬን የጣልሁ ዕለት "እናንተ አገር ምን ይደረጋል?" ብለው ቢጠይቁኝ ተነሥቼ ፎከርሁ። ጎጆዋ ፀጥ አለች። ጋሼ ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው፤ "ይህን ሁሉ ስለ አንድ ባለ አራት?" አሉኝ።

ስለ ዋንጫ ከተናገርሁ፣ አማርኛችን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ዋንጫ ስንል የእግር ኳሱ ይታየናል፤ አባቶቻችን ግን ዋንጫ ያሉት ከቀንድ ተሠርቶ ጠጅ የሚጠጣበትን ዕቃ ነበር። ዋንጫ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ተሞልቶ ለጎረቤት ይቀርባል እንጂ። ሌላው ቃላችን ግዳይ ነው፤ ግዳይ ጣለ እንላለን፤ ይህም የወደቀውን እንስሳ የገዳዩንም ክብር በአንድ ላይ ይይዛል።

ቀንድን ብቻውን ማክበር የት እንደሚያደርስ ለማየት የጄምስ ጆርዳንን ነገር ልንገራችሁ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 በዊስኮንሲን፣ ዳንበሪ በተባለች መንደር አጠገብ አንድ ግዙፍ አጋዘን ገደለ፤ የአጋዘኑንም ራስ ቆዳ ሞልቶ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ ሰጠ። ባለሙያው ወደ ሚኒሶታ ሲዛወር የአጋዘኑም ራስ አብሮ ሄደ፤ ጆርዳንም ጠፋ ብሎ ተወው። ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ወደ ዱሉት ስንሄድ በ35 አውራ ጎዳና የምናልፋት ሳንድስቶን ውስጥ፣ ያንኑ ቀንድ አንድ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ በ3 ዶላር ገዛው፤ ይህም ሰው የጆርዳን የሩቅ ዘመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 በቴዎዶር ሩዝቬልትና በጓደኞቹ የተመሠረተው የአዳኞች ማኅበር፣ ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ፣ የቀንድ መለኪያ አለው፤ ቀንዱ ለ60 ቀን ከደረቀ በኋላ ርዝመቱና ውፍረቱ እስከ የኢንች ስምንተኛ ድረስ ይለካል፤ ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ ልዩነቱ ይቀነሳል። በዚህ መለኪያ የዚያ ቀንድ ውጤት 206 ከ1/8 ሆኖ ከታወቁት ሁሉ በለጠ። ጆርዳን "የእኔ ነው" ቢልም ለዓመታት የሚያምነው አላገኘም፤ በመዝገቡ ላይ የገዳዩ ስም ያልታወቀ ተብሎ ቆየ። ስሙ የተመለሰለት በ1978 ነው፤ እርሱ ግን በዚያው ዓመት አስቀድሞ ሞቶ ነበር። ክብረ ወሰኑን በ1993 የወሰደው የካናዳው ገበሬ ሚሎ ሃንሰን ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ሲያድን ነበርና፣ 213 ከ5/8 የተለካውን ቀንድ ማን እንደጣለው የሚመሰክር አላጣም። በነገራችን ላይ በእኛ ጎጆ ስለ ልዩነት ቅነሳ ሲነሳ "መረብ ለዓሣ ነው" ይባላል፤ በእንግሊዝኛ የተጣራ ውጤትና የዓሣ መረብ የሚጠሩት በአንድ ቃል ስለሆነ ነው፤ አጋዘኑ ያበቀለውን ለምን ትቀንሱበታላችሁ ለማለት።

አንድ የማልወደው ቃልም አለ። የመንግሥት ሪፖርቶችም የአደን መጽሔቶችም አሁን አጋዘን "ተገደለ" ከማለት "ተሰበሰበ" ማለትን መርጠዋል፣ ጤፍ እንደሚታጨድ ሁሉ። ቃሉን ያመጡት ሥጋው መበላቱን ለማስታወስ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አዝመራ አይን የለውም፣ አያይህም። ጋሼም ይህን ቃል በጎጇቸው አይፈቅዱም። በእኛ ቋንቋ አዳኝ የሚለው ቃል ደ ሲጠብቅ አውሬ የሚገድለውን፣ ሲላላ ከሞት የሚያወጣንን ማለቱ፣ በጽሑፍ ግን ሁለቱ አለመለየታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ለገደለው ግን ገደለ ነው የምንለው።

እናቶች ስለ ሥጋው እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ተቈጥረዋል፤ "ማን ባረከው?" ለሚለው የአማቴ ጥያቄ ግን መልሴ ቢላዬን ይዤ እሮጣለሁ፣ በስመ አብ እላለሁ፣ የሚል ብቻ ነው፤ እርሳቸውም እስከ ዛሬ ወጡን ይቀምሳሉ እንጂ ጠግበው አልበሉልኝም። የሚኒሶታው የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ስለሆነ፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እስኪገባ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቀራል፤ ያልተበላው እስከ ገና በማቀዝቀዣ ይቆያል። ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር፦ ሕጉ ራሱ ጓደኝነትን ያውቃል። በአንድነት የሚያድኑ ባለፈቃዶች አንዱ በሌላው መለያ ወረቀት፣ ማለትም በተገደለው እንስሳ ላይ በሚታሰረው የፈቃድ ምልክት፣ እንዲገድልለት በዚህ ስቴት ተፈቅዷል። ጉልበታቸውን የታመሙት አንድ ጓደኛችን ላለፉት አራት ዓመታት ከጎጆው ርቀው መሄድ አልቻሉም፤ ማቀዝቀዣቸው ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

እናንተ አራታችሁ፣ ጋሼ ሁለት ትርፍ አልጋ እንዳለ፣ ለሌሎቹ ሁለት መሬት ላይ ፍራሽ እንደሚያነጥፉ ልከውብኛል። ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከዚህ አዳራሽ በር እንነሣለን። ካፖርታችሁና ቆባችሁ ሕጉ እንደሚያዝዘው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን፤ ካልሲ ሁለት ሁለት ያዙ፤ ስማችሁ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ አምጡልኝ፣ ለጋሼ አስቀድሜ እሰጣቸዋለሁ። ሸሚዛችሁም ጫፉ ረጅም፣ እናታችሁ ያልገዛችላችሁ ይሁን።