ሦስት ነው ወይስ አምስት? የትራያል ሞተር ቅጣት እንዴት ይቆጠራል

(ምስል፦ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ። ግራና ቀኙ በሲባጎ የታጠረ ድንጋያማ አቀበት።)

በሞተር ሳይክል አቀበቱን የሚወጣውን ይህን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ግራ እግሩ መሬት ነካ። ቀኙም ነካ። አሁን ደግሞ ግራው፣ ሁለቴ። ትልቁ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስንት ቅጣት ትሰጡታላችሁ? እኛ እዚያ የነበርነው ስድስት ሰዎች አራት ዓይነት መልስ ሰጠን። መልሳችሁን ያዙልኝ።

ትራያል የፍጥነት ውድድር አይደለም። ተወዳዳሪው ሴክሽን በሚባሉ አጫጭር አስቸጋሪ መንገዶች ያልፋል፤ በመጨረሻ ያነሰ ቅጣት ያለው ያሸንፋል። የሴክሽኑ ሂሳብ የሚጀምረው የፊት ጎማው መሐል የመነሻውን ምልክት ሲያልፍ ነው፤ የሚያበቃውም ያው የጎማ መሐል የመጨረሻውን ምልክት ሲያልፍ።

እግር ሳያወርድ ካለፈ ዜሮ። አንዴ ካወረደ 1፣ ሁለቴ ካወረደ 2፣ ከዚያ በላይ ስንት ጊዜም ቢሆን 3። ሴክሽኑን ማለፍ ካልተሳካለት 5። አራት የሚባል ቅጣት የለም። ቅጣቶቹም አይደመሩም፤ ሦስት ላይ የነበረ ሰው ቢወድቅ ስምንት ሳይሆን አምስት ነው የሚጻፍለት።

ጀማሪ ያለ አግባብ ብዙ ቅጣት የሚይዘው እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው እግር ሲወርድ ተስፋ ቆርጦ ጋዙን ይለቃል። ኧረ አትልቀቅ! ከዚያ በኋላ ዐሥር ጊዜ ብትረግጥ የሚጨመርብህ ነገር የለም። በሁለት እግርህ እየገፋህም ቢሆን ውጣ፤ በአምስት ፈንታ ሦስት ስለሚጻፍብህ ሁለት ነጥብ ታተርፋለህ።

(ምስል፦ ትከሻ ዛፍ ሲታከክ፣ በዝግታ።)

ዳኞችን የሚያከራክረው የእግሩ ቁጥር ብቻ አይደለም። ይህ ትከሻ ዛፉን ታክኮ አለፈ፤ አይቆጠርም። ቀጣዩ ግን ክብደቱን ዛፉ ላይ ጥሎ ሚዛኑን መለሰ፤ አንድ። ዛፍና ድንጋይ ላይ የሚታየው መደገፉ ነው፤ መሬት ከሆነ ግን መንካቱ ይበቃል። ጎማው፣ የእግር መርገጫውና የሞተሩ የሆድ መከላከያ ብቻ ቢነኩ አያስቀጡም።

ሌላው፣ ውድድሩ መቆም የሚፈቅድ ነው ወይስ የሚከለክል? ዳኛ ከሆናችሁ ይህን ሳታውቁ ፊሽካ አትንፉ። መቆም በተከለከለበት ሕግ ጎማው ወደፊት መሄዱን ካቆመ፣ እግር ባይወርድም አምስት ነው። በተፈቀደበት ግን ሚዛኑን ጠብቆ ቆሞ ቀጣዩን ድንጋይ ማጥናት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2024 በየዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስፔናዊው ቶኒ ቡ በአንድ ጎማ ቆሞ ሲያስብ ማየት እኔን ሁሌም ያስደንቀኛል።

ከወሰን መውጣት፣ ሲባጎውን መበጠስ፣ ከሰው እርዳታ ማግኘት፣ ሁሉም አምስት ናቸው። እግር መሬት ላይ እያለ ሞተሩ ከጠፋም እንዲሁ።

(ምስል፦ የመጀመሪያው ቪዲዮ እንደገና፣ ድምፁ ከፍ ብሎ።)

አሁን ልጁን አትዩት፤ አድምጡ። አራተኛው እርግጫ... ትልቁ ድንጋይ... እዚህ ጋ! ድምፁ ጠፋ። ግራ እግሩ ገና ድንጋዩ ሥር መሬት ላይ ነው። መቆም በሚፈቅደውም በሚከለክለውም ሕግ አምስት ነው። እኛ ስድስታችንም እግሩን ስንቆጥር ሞተሩ መጥፋቱን የሰማ አልነበረም።