ቦይለሩ ሲንጠባጠብ አትድፈኑት

የሺ፦ ጤና ይስጥልን ወዳጆቻችን። ጥቅምት ገብቷል። ደብረ ማርቆስ ላይ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ገላ መታጠብ የማይታሰብበት ጊዜ ነው። ዛሬ ስለ ቦይለር እናወራለን፤ እንዴት ውሃውን እናፈሳለን፣ እንዴት እናጥባለን፣ ምኑን ነው መፍራት ያለብን። ጋሽ እንየው እንደተለመደው አብረውኝ አሉ። የቧንቧና የኤሌክትሪክ ስራ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው።

እንየው፦ እንደምን ሰነበታችሁ። እኛ ባለሙያዎች የምንጠራው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ታንከሩ ሲበሳ፣ ብሬከሩ አልነሳ ሲል። ከዚያ በፊት ቢታይ ግን አብዛኛው ቦይለር ገና ብዙ ዓመት ያገለግል ነበር። ያ ነው የሚቆጨኝ።

የሺ፦ ለምን ጥቅምት ላይ ይታጠብ ይላሉ?

እንየው፦ ክረምቱን ሙሉ ውሃው ድፍርስ ነበራ። ደለሉ በቧንቧ ሮቶ ይገባል፣ ከሮቶ ቦይለር ይገባል። እዚያ ውሃው ይረጋል። የረጋ ውሃ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ወደ ታች ይጥላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቦይለር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ያለው ከታች ነው። ስለዚህ ጭቃው ሬዚስታንሱን ይቀብረዋል። በዚያ ላይ ውሃ ሲሞቅ የሟሟው ኖራ ተለይቶ ሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል። ቤታችሁ ያለውን በራድ ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ቦይለሩም ይዟል።

የሺ፦ አንዳንዱ ሲሞቅ ይንጣጣል እኮ።

እንየው፦ አዎ፣ ቅርፊቱ ስር የተያዘችው ውሃ እንፋሎት እየሆነች ስትወጣ ነው። ያን ድምፅ ከሰማችሁ እጠቡኝ እያለ ነው። ቅርፊት የለበሰ ሬዚስታንስ ሙቀቱን ለውሃው ማስረከብ ያቅተዋል። ራሱ ውስጥ ይግልና ይቃጠላል። እስኪቃጠል ድረስም መብራት ይበላል።

የሺ፦ መብራት ካነሱ አይቀር፣ «አንድ ሰዓት ሰክቼው ለብ እንኳ አላለም» የሚሉ አሉ።

እንየው፦ እሱ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሬዚስታንሱ 1500 ዋት ከሆነ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። በአንድ ሰዓት አይደርስም። ድሮ በሁለት ሰዓት ተኩል ይደርስ የነበረው አሁን አራት ሰዓት ከወሰደ ግን ያኔ ጠርጥሩ።

የሺ፦ እሺ፣ ወደ ዋናው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ መንጠባጠቡ ነው።

እንየው፦ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ቀዝቃዛ ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ሰማያዊ ቀለበት ባለው ቧንቧ ላይ፣ ትንሽ እጀታ ያላት ቫልቭ አለች። ሴፍቲ ቫልቭ እንላታለን። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ሲደርስ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ያ ትርፍ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። በዚያች ቫልቭ ጎን ካለችው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ይላል። ቦይለሩ እየሰራ ጠብ ካለ ጤነኛ ነው።

የሺ፦ ሰዉ ግን ወለሉ ሲረጥብበት...

እንየው፦ ይደፍነዋል! በእንጨት ደፍነው አይቻለሁ። ፌስታል ጠቅልለው በሽቦ ያሰሩም አሉ። አንድ ቤት ደግሞ የጫነው ሰው ራሱ ቀዳዳዋን በቡሽ ዘግቶ ሄዷል። እኔ ስደርስ ቡሹ ደርቆ ተጣብቋል፣ የታንከሩ የታች ክዳን ወደ ውጭ መንፋት ጀምሯል። ከሱ በታች ልጆች ይታጠባሉ።

የሺ፦ እግዚኦ። ምን ሊሆን ይችል ነበር?

እንየው፦ ውሃው ሲሞቅ መብራቱን የሚቆርጠው ቴርሞስታት አንዳንዴ ተጣብቆ መቁረጥ እምቢ ይላል። ያኔ ውሃው መሞቁን ይቀጥላል። እዚህ ማርቆስ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ከፍታችን ወደ 2400 ሜትር ነዋ። የታፈነ ታንከር ውስጥ ግን አይፈላም። ግፊቱ ይይዘውና ከ100 በላይም ይሄዳል። ታንከሩ የተሰነጠቀ ዕለት ከዚያ ውሃ ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1000 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ ይጥላል የሺዬ። ያቺ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ 8 ባር ሲደርስ እንድትከፍት ተደርጋ ነው የምትሰራው። እሷን የደፈነ ሰው ቤቱ ውስጥ ቦምብ እየሰቀለ ነው።

የሺ፦ ታዲያ ወለሉ እንዳይረጥብስ?

እንየው፦ ቀጭን ጎማ አድርጉላትና ጫፉን ወደ ፍሳሽ ልቀቁት። ጫፉ ክፍት ይሁን፣ ወደ ታች ያዘንብል። በቃ። በወር አንዴ ደግሞ እጀታዋን አንሱና ውሃ እንደምትለቅ እዩ። ሳይሰካ፣ ሳይሞቅ። ሳይሞቅም ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ከሆነ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይ ቫልቭዋ ቆሻሻ ይዛለች። ያኔ ትቀየር።

የሺ፦ አሁን ማፍሰሱን ይንገሩን። በቅደም ተከተል።

እንየው፦ መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ። የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም። ከዚያ ይቀዝቅዝ፤ ማታ አጥፍታችሁ ጠዋት ብትሰሩት ይሻላል። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የአዋቂ ሰው ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል። ሲቀዘቅዝ የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጉ። ቀጥሎ የፍል ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳል። አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ከዚያ የሴፍቲ ቫልቭዋን እጀታ አንሱ፣ ጎማውን ባልዲ ውስጥ ክተቱ።

የሺ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 80 ሊትር መድፋት ያንገበግባል።

እንየው፦ አይደፋም! ጀሪካን ደርድሩ። ጠራ ያለው ለልብስ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ድፍርሱ ለጓሮ ጎመን ይሆናል። ያንን የመጨረሻውን ባልዲ ግን ሳትደፉ በፊት እዩት። ቀለሙ ብዙ ይናገራል። ቡናማ ጭቃ ከሆነ የክረምቱ ደለል ነው። ነጭ ስባሪ ከሆነ ኖራው ነው። የዝገት ቅንጣት ካለበት ታንከሩ መበላት ጀምሯል ማለት ነው።

የሺ፦ ታንከሩ እንዳይበላ የሚከላከል ዘንግ አለ ብለውኝ ነበር።

እንየው፦ የማግኒዝየሙ ዘንግ፣ አኖድ የሚባለው። የታችኛው ክዳን ተፈቶ ሬዚስታንሱ ሲወጣ አጠገቡ የቆመ ጣት የሚያህል ዘንግ ታያላችሁ። የታንከሩ ብረት ውስጡ በኢናሜል ተለብጧል፣ ግን ልባጡ ጭረት አያጣም። ውሃው ብረቱን እንዳይበላ ማግኒዝየሙ ቀድሞ ይበላል። ስራው መበላት ነው። አዲስ ሲሆን ለስላሳና ድፍን ነው። ሲያረጅ የተጋጠ ቆረቆንዳ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ ትወጣለች። ሽቦዋ ከታየች አልቋል። ቀጥሎ የሚበላው ታንከሩ ነው።

የሺ፦ በስንት ጊዜ ይታይ?

እንየው፦ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት። ዘንጉ ከጠቅላላው ቦይለር ጋር ሲተያይ ዋጋው ኢምንት ነው። ኖራውን ደግሞ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያለበት ውሃ ውስጥ ሬዚስታንሱን ዘፍዝፋችሁ ታስለቅቁታላችሁ። የኤሌክትሪክ ጫፉ አይንከር። የታንከሩን ውስጥ በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉት፤ ልባጡን ትልጡታላችሁ። በእጅና በጨርቅ ይበቃል። ሲገጠም ጎሚኒው፣ ክዳኑ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ፣ አዲስ ይሁን። አሮጌ ጎሚኒ አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይዝም።

የሺ፦ ፈረንጅ አገር ያለ አንድ አድማጫችን ጠይቋል። «ቤቴ ውስጥ በራዲያተር የሚሞቅ ሲስተም አለ፣ እኔም በየዓመቱ ላፍስሰው ወይ?» ይላል።

እንየው፦ አይ፣ የሱ ሌላ ነው። እዚያ የሚዞረው ያው አንድ ውሃ ነው። ከቦይለር ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር ወደ ቦይለር። አዲስ ውሃ ባስገባ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል፣ ብረቱን ያዝጋል። ጥቁር አተላ የሚመስለው ዝቃጭ ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያለ ምክንያት አያፍስሰው። ካፈሰሰም ሲሞላ የዝገት መከላከያውን ኬሚካል መልሶ ይጨምር። ራዲያተሩ ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ከሞቀ አየር ይዟል፤ በትንሿ ቁልፍ ያስተንፍሰው። የኛ ግን ውሃው በየቀኑ አዲስ ነው። ደለሉም በየቀኑ አዲስ ነው።

የሺ፦ ውሃ ሲጠፋስ? እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም።

እንየው፦ ጥሩ አነሳሽው። ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩ ወዲያው ባዶ አይሆንም። ፍል ውሃው የሚወጣው ከላይ ነው፣ የሚገፋው ደግሞ ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ነው። ገፊ ከሌለ ባለበት ይቆማል። ችግሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ካረጀ ነው። ያኔ ውሃው ወደ መስመሩ ይሸሻል፣ ሬዚስታንሱ በደረቁ ይቀራል። ስለዚህ ውሃ ከጠፋ ብሬከሩን አውርዱ።

የሺ፦ ስለ ኧርዝ ሳይናገሩ አልለቅዎትም።

እንየው፦ ሬዚስታንስ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ይገባል። ኧርዝ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል። ኧርዝ ከሌለ በሚታጠበው ሰው ያልፋል። ቦይለር በዲቫይደር አይሰካም። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ በእውነት መሬት የደረሰ ኧርዝ ይኑረው። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር ብታስገቡማ እንዴት ደስ ይለኛል። ሻወር ውስጥ ቧንቧ ስትነኩ ትንሽ እንኳ ነዘር ካደረጋችሁ በዚያው ዝጉት። ነገ አትበሉ።

የሺ፦ እሺ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። አሁን ልሰካው?

እንየው፦ ቆይ! ገና ባዶ ነው። ባዶውን ከሰካሽው ሬዚስታንሱ ወዲያው ይነዳል። የፍል ውሃውን ቧንቧ እንደከፈትሽ ተይው፣ መግቢያውን ክፈቺ። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ እየተቆራረጠ ይመጣል። ሳይቆራረጥ ሲፈስ ሞልቷል። ያኔ ቧንቧውን ዝጊ። የክዳኑን ዙሪያ በደረቅ ሶፍት አብሺና ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ሶፍቱ ካልረጠበ ብሬከሩን አንሺ።

የሺ፦ ከረጠበስ?

እንየው፦ ብሎኖቹን ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቅሽ ጥበቂ። አንዱን ወገን ብቻ ካጠበቅሽ ጎሚኒው ይዛባል።