«ሞልቷል እትዬ»

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። መግቢያ ሙዚቃውንም አልከፈትኩትም፣ አልሆነልኝም። ስለ ድንቢጥ፣ ስለ መኪናዬ ነው የማወራችሁ። አውቃለሁ፣ እንደገና ስለ ድንቢጥ። ግን ዛሬ የሚከነክነኝ እሷ ብቻ አይደለችም።

ያው ታውቃላችሁ፣ ነዳጅ ሞልታ ስትወጣ ትጠፋለች። ሁልጊዜ አይደለም። 10 ሊትር ሲቀዳላት ምንም አትሆንም። ሙሉ ሲሞላላት ነው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው፣ ማስነሻው፣ ይለፋል፣ በመከራ ትነሳለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ሚኒሞው፣ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ጭጭ። ባለፈው ሳወራችሁ ግማሻችሁ «ፊልትሮ ቀይሪ» አላችሁኝ፣ ግማሻችሁ «ሰርባቶዮው ይታጠብ»፣ የነዳጅ ታንኩ ማለት ነው። ሁለቱንም አድርጌያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። አልዳነችም።

እሺ። ቀኑ ፍልሰታ ውስጥ ነው፣ ነሐሴ። ሌሊቱን ጎንደር ላይ ሲዘንብ አድሯል። እማዬን ቁስቋም ለቅዳሴ ላደርሳት ነው። የፍልሰታ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለን ብዬ ነዳጅ ወረፋ ይዣት ገባሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተሰልፌ 5 ሰዓት ላይ ደረሰኝ። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ወንበር ዳዊቷን ትደግማለች። እኔ ባዶ ሆዴን ነኝ፣ ቡና እንኳን አልቀመስኩም። ይሄን የምላችሁ ለምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም። ወይም... እንጃ፣ ምናልባት ለምክንያት ይሆናል።

ልጅቷ ቀዳች። ሃያ፣ ሃያ አንድ ብትሆን ነው። የሥራ ካፖርቷ እጅጌ ረጥቧል፣ ሁለቴ ወደ ላይ አጥፋዋለች። መቅጃው ጠቅ ብሎ ቆመ። «ሞልቷል እትዬ፣ ልተወው?» አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ጨምሪበት እንጂ! አምስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ!»

«ይፈሳል እትዬ።»

«ቀስ እያልሽ ጨምሪ። አይፈስም።»

ጨመረች። ጠቅ። ደግሞ ጨመረች። ጠቅ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጨምር ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፣ የታንኩ አፍ ላይ ነው። ቀስ ብላ፣ ጠብታ በጠብታ፣ ልክ ማሰሮ እንደሚሞላ ሰው። ጠቅ። በቴሌብር ከፈልኩ፣ አስነሳሁ፣ እምቢ አለች፣ ደግሜ አስነሳሁ፣ ወጣሁ።

ከማደያው በር ሃምሳ ሜትር ብሄድ ነው። ዳገቱ ጀመረ። ድንቢጥ ተንተፋተፈች፣ ጠፋች። ከኋላዬ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ኋላ ሚኒባስ፣ ሁሉም ጥሩምባውን ይነፋል። አስነሳለሁ፣ የለም። አስነሳለሁ፣ የለም። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ወረድኩ፣ ዳገቱን ወርጄ ተመልሼ ሄድኩ። እየሄድኩ ምን እንደምል አውቅ ነበር። ይሄ ነው የማይለቀኝ። አፌ ላይ የመጣ ነገር አልነበረም። ሃምሳ ሜትር ሙሉ አስቤበት ነው የሄድኩት።

ወረፋው ሁሉ እያየ፣ «ውኃ ነው የቀዳሽልኝ!» አልኳት።

መቅጃው እጇ ላይ ነው። አላስቀመጠችውም። እኔን አላየችኝም፣ መቅጃውን አየችው። ልክ እሱ መልስ የሚሰጥ ይመስል። ምንም አልተናገረችም። እኔ ዝም ብል ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ከወረፋው አንዱ «እነዚህ እኮ ውኃ ይደባልቃሉ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። አንዱ «የኔንም ባጃጅ እንዲሁ አድርገውታል» አለ። ወሬው ከኔ አፍ ወጥቶ የሁሉም ሆነ። ኃላፊው ከውስጥ መጣ። እኔ ያኔ ጥዬ ወጣሁ። እማዬ መኪና ውስጥ ናት፣ ልመለስ ብዬ። የለኮስኩትን ትቼ ሄድኩ።

አንድ የባጃጅ ልጅ መጥቶ «ነዳጅ ግማሽ ድረስ ረግጠሽ አስነሺ» አለኝ። ረገጥኩ። ተነሳች። ጥቁር ጭስ አወጣች፣ ከዚያ ደህና ሆነች። ቁስቋም ደረስን፣ ቅዳሴው ገብቶ ነበር።

እማዬ ከመውረዷ በፊት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «ልጅቷ ለምን ዝም ያለች ይመስልሻል?» መልስ አልጠበቀችም። በሩን ዘጋች፣ ሄደች።

ቆይ ውኃ ልጠጣ።

እሺ። በማግሥቱ ድንቢጥን መካኒኬ ጋሼ ጋ ወሰድኳት። ጋሼን ታውቁታላችሁ፣ ሦስት ጊዜ ሳያዳምጥ ኮፈን የማይከፍተው ጋሼ። «ውኃ ቀድተውልኝ ነው» አልኩት። እሱ ዝም ብሎ ከታንኩ በቱቦ ቀዳና ሃይላንድ ውስጥ አደረገው። ኮፈኑ ላይ አቆመው። ፀሐይ ወጣ ብላለች። «ጠብቂ» አለኝ።

ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል። አብረው ቢገቡም ይለያያሉ፣ ውኃው ከታች ይቀራል፣ ቤንዚኑ ከላይ። መሐላቸው ላይ መስመር ይወጣል። ፖምፓው ደግሞ ከታንኩ ታች ስለሚስብ መጀመሪያ የሚያገኘው ውኃውን ነው፤ ለዚህ ነው ውኃ የገባበት ነዳጅ ብዙም ሳያስኬድ ሞተር የሚያጠፋው። እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም ማለቴ አይደለም። ይደርሳል። ክረምት ላይ የመሬት ውስጥ ታንክ ውኃ ሊያስገባ ይችላል። በጄሪካን መንገድ ዳር የሚሸጠውንማ ተዉት። እኔም የተናገርኩት ከምንም ተነስቼ አይደለም።

ግን መስመር አልነበረም። ሃይላንዱን አሥር ደቂቃ ያህል አየሁት። መስመር እንዲኖር እየለመንኩ ነበር። እግዚአብሔርን፣ በጾም፣ ቤንዚን ውስጥ ውኃ እንዲገኝ ለመንኩ። ጥርት ያለ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት።

ጋሼ ከዚያ ሞተሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ቫልቭ ላይ ቱቦውን ነቀለ። ቫልቯን ፈትቶ አወጣት። አፉ ላይ አድርጎ ነፋ። አየሩ በሌላ በኩል ወጣ። «ይሄ አየር ማለፍ የለበትም» አለኝ። «ኤሌክትሪክ ካላገኘች ዝግ መሆን ነበረባት።» ከዚያ መዳፉ ላይ ቀጠቀጣት። ጥቁር ብናኝ ወጣ። የከሰል ብናኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ታንኩ ውስጥ ቤንዚን ብቻ አይደለም ያለው፣ ትነቱም አለ። ነዳጅ ስትሞሉ ፈሳሹ ትነቱን ይገፋዋል። ትነቱ ሜዳ ላይ እንዳይበተን ከሰል ያለባት ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ከሰሉ ይይዘዋል። በኋላ መኪናው ሲሄድ ቫልቯ ትከፈትና ሞተሩ ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ቫልቯ ክፍት ሆና ከቀረች ግን ልክ ከሞላችሁ በኋላ ያ ሁሉ ትነት በአንዴ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ይታፈናል። ስትረግጡት የሚነሳው ለዚህ ነው፤ መርገጫው አየሩን ይከፍትለታል።

«ከሰሉ ለምን ተበተነ ጋሼ?» አልኩት። ባልጠየቅኩት።

«ነዳጅ ሲሞላ ጨምሪ ትያለሽ?» አለኝ።

መቅጃው ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ነዳጁ ሲደርስባት ራሱ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ የባከነ አይደለም፣ ለትነቱ የተተወ ነው። እዚያ ላይ ስትጨምሩ ፈሳሹ ወደ ከሰሉ ይሄዳል። ከሰሉ ይርሳል፣ ይፈራርሳል፣ ብናኙ በቱቦው ሄዶ ቫልቯን ይሰነቅራታል። ጋሼ «መኪናዋም አርጅታለች፣ ከዚያም ሊሆን ይችላል» ብሎኛል። ሊያጽናናኝ ይሆናል። ግን እኔ ይቺን መኪና ከገዛሁ ጀምሮ «ጨምሪ» ያላልኩበት ቀን የለም። ወረፋ ነዋ! ነገ ይኑር አይኑር የማታውቁትን ነገር ጠቅ ስላለ ትተዋላችሁ? እናንተስ አትሉም? ንገሩኝ እስቲ።

አባዬ ትዝ አለኝ። የአባዬ ፔጆ 404 ከደባርቅ ስንመለስ ዳገት ላይ ትጠፋ ነበር። ያቺ በካርቡሬተር፣ ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ፣ የምትሠራ ናት፣ ሌላ በሽታ ነው። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ውኃ እንኳን 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 አካባቢ ነው የሚፈላው። ቤንዚኑም እንደዚያው ቶሎ ይተናል። ሞተሩ ሲግል ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆንና ፖምፓው ባዶ ይስባል። አባዬ ጨርቅ በውኃ ነክሮ ፖምፓው ላይ ያደርግና ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እኛ ልጆቹ በግ እንቆጥራለን። ጨርቁ ሲደርቅ ደግሞ ይነክረዋል። አንድ ቀን እንኳን «ማን እንዲህ አደረጋት» ሲል አልሰማሁትም። አባዬ ቢኖር ይሄን ታሪክ አልነግረውም ነበር። ደብቄው እሞት ነበር።

...ምን እያልኩ ነበር?

አዎ፣ ቫልቯ። እዚህ አልተገኘችም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዎቹን እየጠገንን ነው የምንኖረው፣ ዕቃው ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ጋሼ ለጊዜው ቱቦውን ደፍኖልኛል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፣ ይብራ። ድንቢጥ ግን አሁን አትጠፋም። ሞልቼ ወጣሁ፣ ዳገቱን ወጣች።

ሞልቼ ስል... አዎ፣ እዚያው ነው የሞላሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ። አስቤበት ሄድኩ። ወረፋው ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። «እናትዬ፣ ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።» በቃ፣ ይሄ ነው። አጭር ነው። ጮክ ብዬ ነው የምለው፣ ያኔም ጮክ ብዬ ነበርና። ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ነበረች። ያው ካፖርት። እጅጌው ያው ሁለቴ ታጥፏል። መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ። «ስንት ልቅዳ እትዬ?» አለች። አወቀችኝ? አላወቀችኝም? ድምጿ ላይ ምንም የለም። «ሙሉ» አልኩ። ቀዳች። ጠቅ። እጇን አነሳችና ጠበቀች። አየችኝ። «ልጨምር?» አለችኝ።

«ይበቃል» አልኳት።

ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ኃላፊው በር ላይ ቆሟል። በሱ ፊት ብናገር ያን ቀን እንደገና ላነሳባት ነው፣ አልኩ ለራሴ። ምናልባት ያ ነገር ተረስቶላት ይሆናል፣ አልኩ። ምናልባት ከደሞዟ ተቆርጦባት ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ መናገሬ ይጠቅማት ነበር። ሁለቱም በአንዴ ጭንቅላቴ ውስጥ ናቸው። ስልኬን አውጥቼ ከፈልኩ። ክዳኑን ገጠመችው፣ ጠበቅ አድርጋ። ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

ሄድኩ።

ለእማዬ ነገርኳት። «ተናገርሽ?» አለችኝ። «አልተመቸኝም» አልኳት። ዳቦዋን መቁረስ ቀጠለች።

እንግዲህ ማደያው የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ በሷ ምክንያት አልናገርም። ደብዳቤ ልጻፍላት ብዬ አሰብኩ፣ ለኃላፊው ልደውል አሰብኩ፣ ይሄንን ክፍል ትሰማው ይሆን አሰብኩ። ልትሰማ አትችልም፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው... ወይም ማታ ትሰማ ይሆናል።

ድንቢጥ አሁን ከሩብ በታች ናት። ዓርብ እማዬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት። ነገ ጠዋት መሰለፌ አይቀርም። 12 ሰዓት ላይ ብደርስ የሷ ፈረቃ ይሆናል... ካልተቀየረ።