«ተሳስተህ ነው?»

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የሚጮኸው የጎረቤት ውሻ ነው፣ ይቅርታ አድርጉለት።

ሰሞኑን ዕቃ ሳስተካክል አንድ አሮጌ ፍላሽ አገኘሁ። 4 ጊጋ፣ ክዳኑ የጠፋ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ። ተማሪ እያለሁ ሰፈራችን ካለች ሙዚቃ ቤት ያስሞላሁት ነው። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ «አዲስ ነው የድሮ?» ይለኛል። «ቀላቅለው» እለዋለሁ። ከፍዬ እወጣለሁ።

ፍላሹን እያገላበጥኩ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ እኮ ያን ሁሉ ሙዚቃ በነፃ አልወሰድኩም። ከፍያለሁ። የከፈልኩት ግን ለቀዳልኝ ልጅ ነው። ለዘፈኑት ሰዎች ሰባራ ሳንቲም አልደረሰችም።

«ሙዚቃ ነፃ ሲሆን ሙዚቀኛው ይራባል» ሲባል እሰማለሁ፣ እኔም ብዬ አውቃለሁ። አሁን ግን ችግሩ ነፃ መሆኑ አይመስለኝም። አዝማሪ ቤትን አስቡት። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ አጠገባችሁ ይቆማል። ስማችሁን ይጠይቅና ይገጥምላችኋል። ልብ በሉ፣ ዘፈኑ ቀድሞ ተሰጥቷችኋል። ከዚያ ነው እጃችሁ ኪስ የሚገባው፣ ብሩ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው። ዝም ካላችሁ ደግሞ የሚቀጥለው ስንኝ እናንተኑ ይወጋል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ናቸው። ቴሌግራም ላይ ግንባር የለም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ በፈረንጆቹ 2006፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እየቀዳ ኢንተርኔት ላይ በነፃ መልቀቅ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ብቻ ቢያቆም ከኛ ሰፈር ልጅ ብዙም አይለይም ነበር። በኋላ ግን ባሕር ዳር ላይ የጋሽ ኃይሉ መርጊያን ካሴት አገኘ። በ1985 አሜሪካ የተቀረፀ፣ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻቸውን የተጫወቱበት።

ጋሽ ኃይሉ ማለት አዲስ አበባ ሒልተን ከዋሊያስ ባንድ ጋር ሲጫወቱ የነበሩት ናቸው። በፈረንጆቹ 80ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀሩ። ካሴቱ ሲገኝ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ነበር። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከታክሲው ኋላ ያወጣሉ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው ይለማመዳሉ። ተራ ሲደርስ መልሰው ይከቱታል። ይታያችሁ፣ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ማን እየነዳው እንደሆነ አያውቅም።

ብሪያን አፈላልጎ ደወለላቸው። ካሴቱ በ2013 በስምምነት እንደገና ታተመ፣ ትርፉም እኩል ለእኩል። ጋሽ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ካሴቱ መገኘት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ስልክ ነው። ካሴት ያገኘ ብዙ ነው፣ የደወለ ስንት ነው?

አሁን እንደ ባንድካምፕ ያሉ፣ ሙዚቀኛው ራሱ ሥራውን የሚሸጥባቸው የኢንተርኔት ገጾች አሉ። ሙዚቀኛው ዋጋውን ዜሮ አድርጎ «ከፈለጋችሁ ጨምሩ» ይላል። ያው አዝማሪ ቤት በሉት። እዚህ አገር ሆኖ በዶላር መክፈል ግን... እሱን ተዉት፣ ሌላ ክፍል ይወጣዋል።

ወደ ራሴ ልምጣ። አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ክራር ይጫወታል። ባለፈው አምስት ዘፈን በራሱ ወጪ ሠርቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀ። «ነፃ ነው፣ ውሰዱት» ብሎ። እኔም ወሰድኩ። «ጀግና» ብዬ የእሳት ኢሞጂ ለጠፍኩለት። አንድ ወር ሙሉ ሥራ ስሄድ ስመለስ እሱን ነው የምሰማው። ሦስተኛዋን ዘፈን ባለቤቴ ሳትቀር በቃሏ ይዛታለች።

ፍላሹን ያገኘሁ ዕለት ማታ ስልኬን አነሳሁና 500 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩም፣ አፈርኩ መሰለኝ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ብር ገብቶልኛል ባንተ ስም። ተሳስተህ ነው? ልመልስልህ?»

«አልተሳሳትኩም። ለዘፈኑ ነው።»

ዝም አለ። ከዚያ «የትኛው?» አለኝ።